ብጣሽ ጨርቅ አትጣሉ፤ አራት የሕፃናት ክፍሎች ይፈልጉታል

በሰፈራችን ባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት የሕፃናት ክፍሎች አሉ። ግድግዳቸው ላይ የቀረው የተቀደደ ወረቀትና የፕላስተር ጠባሳ ነው። ለመጪው መስከረም እነዚህን ክፍሎች በጨርቅ ልናስጌጥ ተነሥተናል፤ መርፌም የስፌት ማሽንም አንጠቀምም። የምንጠይቃችሁ ጨርቅ፣ ጥቂት ዕቃና የእጅ ጉልበት ነው። ገንዘብ አንቀበልም። ገንዘብ ደረሰኝና ሒሳብ ያዥ ይፈልጋል፤ እኛ የምንፈልገው ግን አብዛኛው በየቁም ሣጥኑ ታጥፎ፣ በየልብስ ሰፊው ማሽን ሥር ወድቆ ያለ ነው።

ጨርቅ የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው። ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ይነጣል፣ ክረምት ሲገባ እርጥበት ስቦ ይጠቀለላል፣ ፕላስተሩም ሲነሣ ቀለሙን ልጦ ይሄዳል። ጨርቅ ይራገፋል፣ አብዛኛው ይታጠባል፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ያገለግላል። ስፌት የተውነውም አንድ ነገር ሲገነጠል መምህሯ ራሷ በኮላና በቋጠሮ እንድትጠግነው ነው። የክፍሉ ጩኸት ይቀንሳል ብለን ግን ቃል አንገባም። በቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ ወለል መካከል የሚያስተጋባ ድምፅ በጥቂት ሜትር ጨርቅ አይበርድም።

ዋናው ሥራ የፊደል ረድፉ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በአንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ይቀመጣሉ። 231ዱን የፊደል ገበታ በሙሉ መስቀል ግድግዳውን ከመሙላት በቀር አይጠቅምም፤ ለጀማሪ ግዕዙ ይበቃዋል። ጨርቁ ሲቆረጥ ገና ሦስት ማዕዘን አይደለም። መሠረት ለመሠረት የተገጣጠሙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች የሚመስል ቅርጽ ነው፤ ወገቡ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ 50። ወገቡ ላይ ሲባጎው ይጋደማል፣ ጨርቁ ይታጠፋል፣ ሁለቱ ጫፎች በኮላ ይገጥማሉ። ኮላው የሚቀባው ዳር ዳሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው። እስከ ሲባጎው ድረስ ከተቀባ ጨርቁ ገመዱ ላይ ይደርቅና ክፍተቱን ለማስተካከል ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት አይቻልም። ጨርቁ ስስ ከሆነ ደግሞ የበዛ ኮላ ወደ ፊት ዘልቆ የዘይት ጠብታ የመሰለ ነጥብ ይተዋል፤ ያ ነጥብ በኋላ አይለቅም። ካውያ የሚገባውም ከመጣበቁ በፊት ነው፤ ተጣብቆ የደረቀ ጨርቅ ሽብሽቡ አይቃናም።

የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ፣ ቅርጾቹ በረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው በየሁለት ረድፉ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታም ስድስት ስድስት ከወጣበት፣ ከ2 ሜትር ጨርቅ 46 ይገኛል። መካከሉን ረስቶ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው 28 ብቻ ነው። ለአራቱ ክፍል 132 ስለሚያስፈልግ 6 ሜትር ይበቃናል፤ ትርፉ ለስሕተት ነው። ከአንድ ጣቃ መሆን የለበትም። 20 በ50 የሚሞላ ብጣሽ ሁሉ ይሆናል፤ ብቻ ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፣ ፊደሉ ጠቆር ብሎ እንዲነበብ።

ፊደሉ ራሱ ነው አስቸጋሪው። ተራ ጥጥ ጨርቅ ላይ «መ»ን ቆርጣችሁ ብታነሡ ዳሩ ወዲያው ይተረተራል፣ ዓይኑም ይጠፋል። ስለዚህ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይደነድናል። የአናጢ ነጭ ኮላ በእኩል ውኃ ይቀጥናል፣ ጨርቁ ፕላስቲክ ላይ ተወጥሮ በብሩሽ ይቀባል፣ እዚያው ላይ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይደርቃል። ገመድ ላይ ከተሰጣ ኮላው ወደ ታች ወርዶ አንዱ ጠርዝ ካርቶን፣ ሌላው ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። የደረቀው ጨርቅ እንደ ወፍራም ወረቀት በመቀስ ይታዘዛል፣ ክሩም አይመዘዝም። የ«መ» እና የ«ዐ» ዓይን የሚወጣው ጨርቁን መሃል ላይ በቀስታ አጥፎ ጫፉን በመቀስ በመንከስ ነው፤ በምላጭ ለመውጋት የሞከረ ሰው ፊደሉንም ጣቱንም ይጎዳል። ለእያንዳንዱ ፊደል 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ስለሚበቃ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ አንድ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ 144 ይሰጣል።

የካርቶኑን ቅርጽ በጨርቁ ጀርባ አስቀምጦ የሚስል ሰው አለ። «በ» እና «ሐ» ላይ ምንም አይታወቅበትም፤ «ረ»፣ «ነ» እና «ገ» ግን ተገልብጠው ይወጣሉ፣ ልጆቹም እንዲያው ተገልብጠው ይለምዷቸዋል። በጀርባ የምትስሉ ከሆነ ካርቶኑንም ገልብጡት። መስመሩ በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ ይሳል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ኮላ ሲነካው ይሰራጫል።

33ቱን በአንድ ገመድ ለመስቀል አትሞክሩ። በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲተው ርዝመቱ 8 ሜትር ከ20 ይደርሳል፤ የክፍሎቹ የኋላ ግድግዳ ግን 7 ሜትር ነው። ቢገጥም እንኳ ገመዱ መሃሉ ላይ ይረግባል። ስለዚህ 17ቱ ላይ፣ 16ቱ ታች ይሆናሉ፤ የላዩ 4 ሜትር ከ20፣ የታቹ 3 ሜትር ከ95። ገመዱ ሲባጎ መሆኑ ግድ ነው። ናይለን ስለሚያንሸራትት በሳምንቱ ሁሉም ፊደል መሃል ላይ ተከምሮ ይገኛል።

ሁለተኛው ጌጥ የብጣሽ ገመድ ነው። ይህ ለልጆቹ የተተወ ሥራ ነው። ብጣሹ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ለሁለት ይታጠፋል፣ እጥፋቱ በገመዱ ሥር ያልፋል፣ ሁለቱ ጫፎች በእጥፋቱ ቀዳዳ ገብተው ይሳባሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ካየው ሦስተኛውን ራሱ ያስራል። ጠበቅ ጠበቅ ሲደረግ አንዱ ቋጠሮ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ለ1 ሜትር 50፣ ለአንድ ክፍል ሁለት ባለ 3 ሜትር ገመዶች 300 ብጣሽ ማለት ነው። 40 ልጅ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ሰባት ወይም ስምንት ይደርሰዋል። እኛ ቀድደን በእስር በእስር እናዘጋጃለን፤ የሚያስሩት እነሱ ናቸው፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ለቅሶው በሚበዛበት ሰሞን።

እዚህ ላይ የጨርቁ ዓይነት ሁሉን ይወስናል። ድርና ማግ ያለው የጥጥ ጨርቅ ጠርዙ በመቀስ ትንሽ ተነክቶ በእጅ ሲሳብ ድሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። በአንድ ሰዓት በመቀስ የሚያልቀው በሩብ ሰዓት ያልቃል፣ መስመር ማስመርም አያስፈልግም። ቲሸርት ግን ሹራብ ሥራ ስለሆነ አይቀደድም፤ ይሳባል እንጂ። በመቀስ ነው የሚቆረጠው። በምትኩ ዳሩ ፈጽሞ አይተረተርም፣ ስለዚህ ለዘርፍ እሱን የሚያህል የለም። 20 በ30 የሆነ ቁራጭ 5 ሴንቲ ሜትር ተትቶለት ቀሪው ይተለተላል፣ ይጠቀለላል፣ ከላይ ይታሰራል። አንድ መካከለኛ ቲሸርት ስምንት ዘርፍ ይወጣዋል። የልጆቹን መቀመጫ ቡድኖች በቀለም ለመለየት በክፍል 20፣ በድምሩ 80 እንፈልጋለን፤ 10 ቲሸርት መሆኑ ነው። በየቤቱ የተከማቸው የታላቁ ሩጫ ቲሸርት እዚህ ይጠቅማል፤ ቀለሙ አንድ ከሆነ ከሦስት ቤት ቢመጣም ይገጣጠማል። የምርጫና የቢራ ቲሸርትም ቢሆን ጽሑፉን እናወጣለን። ሰንደቅ ዓላማና የሃይማኖት ምስል ያለበትን ግን አታምጡ፤ እሱ ላይ መቀስ አናነሣም።

ለሽሮ ሜዳና ለመርካቶ ልብስ ሰፊዎች የተለየ ጥያቄ አለን። ከቀሚስ ጫፍ የሚተርፈው ጥለት ከሁሉ የሚያምረው ብጣሽ ነው፣ ከሁሉም ቶሎ የሚፈርሰውም እሱ ነው። በማግ የገባው የጥበቡ ፈትል አንድ ጊዜ ተሻግሮ ከተቆረጠ ንድፉ ከዳር ጀምሮ ይፈታል። ስለዚህ ስትጥሉት ሳይሆን ስትሰጡን፣ ከተቻለ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያላጠረውን ለዩልን። እኛ የምንቆርጥበት መስመር ላይ አስቀድመን 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮላ ቀብተን፣ ሲደርቅ በኮላው መሃል እንቆርጠዋለን።

በየክፍሉ ያለው ባለ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 የቺፑድ ሰሌዳም ጨርቅ ይለብሳል። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያስፈልጋል። ስቴፕለሩ የሚጀምረው ከየጎኑ መሃል ነው፣ ከዚያ ወደ ማዕዘን። ከማዕዘን የጀመረ ሰው ሽብሽቡን ሁሉ ገፍቶ መሃል ላይ ያከማቸዋል። ጨርቁ ያለ አበባና ያለ መስመር፣ አንድ ቀለም ይሁን፤ አለዚያ የልጆቹ ሥዕል ይዋጣል። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ65 የሚሞላ ሰፊ አንሶላ አንዱ ለአንድ ሰሌዳ ይበቃል።

ጥቁር ሰሌዳው ያለበት የፊት ግድግዳ ባዶ ይቀራል። ረስተነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በጌጥ በተሞላ፣ ሌላ ጊዜ ባዶ በሆነ ክፍል አስተምረው ነበር። በባዶው ክፍል ከፈተናው 55 በመቶ፣ በተሞላው 42 በመቶ መለሱ። ስለዚህ መጠኑ ከላይ የተነገረው ነው፤ ጨርቅ ቢተርፍም አንጨምርም። የመስኮት መጋረጃም አንሠራም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ክፍሉ ያለው ብርሃን የመስኮቱ ብቻ ነው።

አሰቃቀሉ ላይ አንደራደርም። የታችኛው ገመድ ከወለል 1 ሜትር ከ80 በታች አይወርድም፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር ጫፍም ሆነ አንገት የሚገባበት ቀለበት አይኖርም። ከአምፖል ግማሽ ሜትር ይርቃል፤ ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ስለሚንጠባጠብ ወደ መብራት አካባቢ አናስጠጋውም። በበሩ ላይ ምንም አይሰቀልም። ምስማር በቀጥታ ግድግዳው ላይ አንመታም፤ ልስኑ ይረግፋል፣ በዓመቱ ሌላ ቀዳዳ ይመጣል። በምትኩ አጫጭር የሞራሌ ቁራጮች በፊሸርና በብሎን አንድ ጊዜ ይታሰራሉ፣ መንጠቆው እንጨቱ ላይ ይሆናል። ለፊደሉ ረድፍ ሁለት ባለ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ለብጣሽ ገመዶቹ አራት ባለ 20። በዚህ ሒሳብ ሁለት ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ለአራቱም ክፍል ይበቃል፤ 50 ፊሸር ከነብሎኑና 32 መንጠቆ ይጨመርበታል።

ስለ ማጣበቂያ ሁለት ማሳሰቢያ። ማስቲሽ አታምጡልን። ሽታው ለሕፃን አይሆንም፣ ስስ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ደግሞም ምን እንደሚደረግበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዲቀመጥ አንፈልግም። የፉርኖ ዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፤ አንድ ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ሦስት ኩባያ የፈላ ውኃ ሲጨመርበትና እሳት ላይ አምስት ደቂቃ ሲማሰል ጥሩ ይይዛል። ግን ክረምት ላይ ይሻግታል፣ አይጥና በረሮም ይጠራል። ለአንድ ሳምንት የሚለጠፍ ሥዕል ካልሆነ በቀር አንጠቀምበትም።

እንግዲህ የጎደለን ይኸው ነው። ፈካ ያለ ጥጥ ጨርቅ 6 ሜትር፣ ለፊደል ጥቁር 1 ሜትር ተኩል፣ ለብጣሽ ማንኛውም ቀለም ያለው ጥጥ 7 ሜትር፣ ለሰሌዳ 11 ሜትር ወይም አራት አንሶላ፣ 10 ቲሸርት፣ 80 ሜትር ሲባጎ፣ 2 ኪሎ ነጭ ኮላ፣ ከላይ የተቆጠሩት ሞራሌ፣ ፊሸር፣ ብሎንና መንጠቆ፣ ስቴፕለር ከነምስማሩ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀን መቀስ ነው። የወረቀት መቀስ ጨርቅን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ስለታም የልብስ ሰፊ መቀስ ስድስት በውሰትም ቢሆን ይሰጠን፤ ስም ተጽፎበት ይመለሳል። ከውጭ አገር ለክረምት የምትመጡ ወገኖች ጨርቅ ተሸክማችሁ ኪሎ አታባክኑ። ጥርሳሙን፣ ዳሩን ዚግዛግ አድርጎ የሚቆርጠውን መቀስ ሁለት ብታመጡልን የጨርቁ ዳር ሳይተረተር ረጅም ጊዜ ይቆያል። በሻንጣ ይሁን፤ በእጅ ቦርሳ አይታለፍም።

ጊዜው በፀሐይ የተወሰነ ነው። ኮላ የሚቀባው ጨርቅ በነሐሴ አይደርቅምና ጥቁሩና ፈካ ያለው ጨርቅ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ይድረሰን። ለብጣሽ የሚሆነው እስከ ሐምሌ 30 ይቆያል፤ መቅደድ ዝናብ አያግደውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንሠራለን፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ብቅ ያለ ሰው ሥራ አያጣም። የምንሰቅለው በጳጉሜን ነው፤ ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ በክረምቱ ታይቶ ስለሚያልቅ።

ጨርቁን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ቁልፍና ዚፕ ነቅላችሁ አምጡ። ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካልለያችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ሞክሩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። የለያችሁትን በየፌስታሉ ላይ ጻፉና ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስጡ።