የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ የጓሮ ጫካችን ዓመት

ትምህርት ቤታችን እንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ዙሪያችን ባሕር ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማዋ ማገዶና አጣና ሲሰጥ የኖረ ባለውለታ ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም፤ ክረምት ሲገባም ጎርፉ ባዶውን አፈር ጠርጎ ይወርዳል። ክበባችን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለውን ቦታ የጓሮ ጫካ ማድረጉን ዘንድሮም የገፋበት ለዚህ ነው።

ችግኝ በመስመር መደርደር አልፈለግንም። ከላይ ኮሶ፣ ወይራና ብሳና፤ ከሥራቸው ግራዋና ጌሾ፤ ዝቅ ሲል ጤና አዳምና ዳማከሴ፤ መሬቱን ደግሞ ዱባ ይሸፍነዋል። የጌዴኦ ገበሬዎች እንሰትና ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ጋር አብረው ሲያለሙ ኖረዋል፤ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. መልክዓ ምድራቸውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የእኛ ቦታ ለቡና ብርድ ነው፤ እንሰቱ ግን ደህና ይዟል።

መስከረምና ጥቅምት በአረም አለፉ። በበጋው ከእጅ መታጠቢያው የሚወርደውን ውኃ በቦይ ወደ ችግኞቹ መለስነው። መጋቢት ላይ ተማሪዎቹን ሁለት ቦታ አስቆፈርኳቸው። ከአጥሩ ውጪ ባሕር ዛፉ ሥር አፈሩ እንደ ዱቄት ቦነነ። ብሳናው ሥር ግን ብርቱካንማውን የረገፈ ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉ ጥቁርና እርጥብ አፈር፣ ውስጡም የሚላወስ ትል አገኙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጠል ጠርጎ የሚያቃጥል የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የአያቶች መምጣት ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን ያደጉት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ጌሾን የሚያውቁት ደርቆ ሲሸጥ ነው። አንዲት እማማ ጋን በግራዋ ቅጠል እንዴት እንደሚታጠብ፣ በወይራ ጭስ እንዴት እንደሚታጠን ከጓሮው ቆርጠው አሳዩን። ልጆቹ ተራ በተራ አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አፍ ሰደዱ። ይህ እውቀት በቤታችን እያለ ሊያመልጠን ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛፉ ከሌለ ማን ያስታውሰዋል?

እንዶዱም የሳይንስ ትምህርት ሆነልን። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፍሬውን ወቅጣ ነጠላዋን ስታጥብበት አረፋው ከሳፋው ሞልቶ ፈሰሰ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው አላልቅ አለ።

ለመጪው ዓመት ቀጋና አጋም ልንጨምር አስበናል፤ ወፎችም ልጆችም ፍሬያቸውን ይወዱታል። ዘር ወይም ችግኝ ያላችሁ ወላጆች ክረምቱ ሳይገፋ አምጡልን። የክረምት ተረኞች ስም በመምህራን ክፍል በር ላይ ተለጥፏል።