ለጎረቤቶቻችን አራሶች የድጋፍ ጥሪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ላንግሊ ፓርክና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዛሬው መዋጮ ለሀበሻ አይደለም። በጅምላ «ስፓኒሾቹ» ለምንላቸው ጎረቤቶቻችን ነው፤ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ መጥተው እዚህ ለሚወልዱና ከወሊድ በኋላ ድብርት ለሚያሰጋቸው እናቶች።

እነሱም ዘንድ አራስ አርባ ቀን ትታረሳለች። ከብርድ ትጠበቃለች። የዶሮ ሾርባና የበቆሎ አጥሚት ይቀርብላታል። እናቷና እህቶቿ ቤቱን ይይዙላታል። እዚህ ግን እናት ሀገር ቤት ናት፣ ባል ሁለት ሥራ ይሠራል፣ እሷም አርባው ሳይሞላ ጽዳት ሥራዋ ላይ ትገኛለች። አንዳንዷ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ለአያቱ ትታ ነው የመጣችው። አዲሱን ባቀፈች ቁጥር ያኛው ትዝ ይላታል። ይሄ ለእኛ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይመስለኝም።

አሜሪካ ውስጥ ከሚወልዱ 8 ሴቶች አንዷ ገደማ የድህረ ወሊድ ድብርት ምልክት ይታይባታል። ክሊኒኮች ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በ1987 የወጣውን፣ 10 ጥያቄ ያለውን የኤድንብራ መጠይቅ ነው። በስፓኒሽም አለ። ወረቀቱ ምንም አይወጣለትም። ግን አስተርጓሚ ሲጠፋ ባል ወይም የ9 ዓመት ልጅ መሃል ይገባል። አሥረኛው ጥያቄ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ የሚል ነው። የትኛዋ እናት ናት ይህን ለልጇ «አዎ» ብላ የምትመልስ? «ደህና ነኝ» ብላ ፈገግ ትልና ትወጣለች። «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃትም አለ። የመኖሪያ ወረቀት ለሌላት ይብሳል።

መላ ግን አልጠፋም። «እናቶችና ሕፃናት» የሚባል ኮርስ ሳን ፍራንሲስኮ ተጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን በላቲና እናቶች ላይ ተሞክሯል። ድብርቱ ሳይመጣ፣ ገና በእርግዝና ጊዜ፣ ሴቶቹ በራሳቸው ቋንቋ ተሰብስበው ይማራሉ።

ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ወረቀት የሌላትንም ዝቅተኛ ገቢ ያላት ነፍሰ ጡር በሜዲኬይድ (በመንግሥት የጤና መድን) ትሸፍናለች። ከወሊድ በኋላ ግን 4 ወር ብቻ ነው። ወረቀት ያላቸው 12 ወር ያገኛሉ። ድብርቱ ደግሞ በስድስተኛውም በስምንተኛውም ወር ሊመጣ ይችላል። የእኛ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፦ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ቴራፒስት፣ እናቶቹ በሚሰበሰቡበት ሰዓት ለልጅ ጠባቂ፣ ለኡበር፣ እንዲሁም ሠልጥነው ቤት ለቤት ለሚሄዱ የሰፈሩ ሴቶች አበል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ሾርባ ይዛ ገብታ ሕፃኑን የምትቀበል የሀገሯ ልጅ የምትሰማውን ዶክተሩ አይሰማም።

«የእኛዎቹስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። የእኛም እናቶች «ምን ጎደለኝ» እያሉ ደብቀው ያለቅሳሉ። ስለዚህ አዳራሹም ልጅ ጠባቂዋም የጋራ ናቸው፤ ገንዘቡ ሲጠናከር በዚያው ቤት የአማርኛ ቡድን እንከፍታለን።

20 ዶላር ብትሰጡም እናመሰግናለን። ዕቁብ ወይም ማኅበር ያላችሁ በአንድ ላይ ብታዋጡ ይቀለናል። ገንዘብ ያዣችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደረሰኝ ይዛ በር ላይ ትገኛለች፤ በዜል መላክ ለምትፈልጉም ቁጥሩን ትሰጣችኋለች።

ዛሬ የጨነቃት እናት አጠገባችሁ ካለች መዋጮውን አትጠብቁ። 1-833-852-6262 የእናቶች የነጻ መስመር ነው። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ሌሊትም ቀንም ይመልሳሉ፤ ለሌላ ቋንቋ አስተርጓሚ ጠይቁ።