«የትኛው ሰሜን ሸዋ?»

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአገራችን ሁለት መኖሩን ብዙ አንባቢ ልብ አይለው ይሆናል። አንደኛው በአማራ ክልል ሆኖ መቀመጫው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ሆኖ መቀመጫው ፍቼ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሸኖን አልፎ ጫጫ የደረሰ መንገደኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል፤ አስፋልቱም፣ ብርዱም፣ የገብሱ ማሳም ያው ስለሆነ ግን መሻገሩ አይታወቀውም። የእኔ ቤት በአማራው በኩል ነው፤ የጥራጥሬ መጋዘኔ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ ባለች ከተማ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እንደኔ የሚመላለሰው ወዲያም ወዲህም ብዙ ነው።

ባለፈው ጥር ባቄላ ስናራግፍ አንድ ኩንታል ከመኪናው ላይ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ሠራተኞቹ ደግፈው በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የጤና መድን ደብተሬን ተቀብሎ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ካየ በኋላ «ሰሜን ሸዋ ይላል፤ የትኛው ሰሜን ሸዋ?» አለኝ። ነገርኩት። «ከእናንተ ወረዳ ጋር ውል የለንም» ብሎ መለሰልኝ፤ በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ታከምኩ። (ሰውየው ደንበኛዬ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያፈረው እሱ ነበር።) ደረሰኙን ይዤ መዋጮ ወደምከፍልበት ብሄድ ደግሞ፣ ሪፈር ሳይጻፍልኝ በሌላ ክልል ለታከምኩት ገንዘብ እንደማይተካልኝ ተነገረኝ።

ሁለቱም ሠራተኞች ከመመሪያቸው ዝንፍ አላሉም፤ ቅሬታዬም ከመመሪያው እንጂ ከእነሱ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር መዋጮው በወረዳ እንዲሰበሰብ፣ ወረዳውም ከተወሰኑ ጤና ተቋማት ጋር ውል እንዲገባ ተደርጎ ነው የተዘረጋው። ይህ አሠራር በተወለደበት ቀበሌ አርሶ እዚያው ለሚያድር ገበሬ የተመቸ ነው፤ በአንዱ ክልል አድሮ በሌላው ለሚውል ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ መድን የለውም ማለት ነው። ችግሩ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። የሸኖ ነዋሪ በዋናው መንገድ ወደ ዞኑ መቀመጫ ወደ ፍቼ ልሂድ ቢል አዲስ አበባ ገብቶ በጎጃም መንገድ መውጣት አለበት፤ ደብረ ብርሃን ግን 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቀውም። ታማሚ ይዞ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ግብር ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አጋጥሞኝ አያውቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ክልሎች በግዛታቸው ከሚነግድ ግለሰብ የትርፍ ግብር ስለሚሰበስቡ እኔም የምከፍለው ለምነግድበት ክልል ነው፤ መክፈሉም ተገቢ ነው። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሐምሌ ላይ የሚያውቀኝ ክልል ጥር ላይ እንግዳ ሊያደርገኝ አይገባም ባይ ነኝ።

ፋይዳ ይህን ይፈታዋል የሚሉ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ በየትኛውም ክልል አንድ በመሆኑ፣ ማንነትን ለማረጋገጥ ብቻ ሲባል ከቀበሌ ቀበሌ መሸኛ ማመላለስን ሊያስቀር ይችላል። ማን እንደሆንኩ ይናገራል፤ የሕክምናዬን ሒሳብ ማን ለማን እንደሚያወራርድ ግን አይናገርም። ይህን ሊወስኑ የሚገባቸው ሁለቱ ዞኖችና በላያቸው ያሉት የክልል ጤና ቢሮዎች ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ መንገድ ዳር ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የአንዱን ወረዳ ደብተር በሌላው እንዲቀበሉ፣ ወጪውንም በየሩብ ዓመቱ እርስ በርስ እንዲተሳሰቡ ቢዋዋሉ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ዕድራችን ከወዲያም ከወዲህም አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው እስከ ዛሬ ማኅተም አይቶ ድንኳን የከለከለው ሰው የለም።

የሚመለከታቸው አካላት መልስ ቢኖራቸው በዚሁ ጋዜጣ ላይ ባነበው ደስ ይለኛል። የሕክምናው ደረሰኝ እስከዚያው መጋዘኔ ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኞቼ ጋር በአንድ ማኅደር ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጥራጥሬ ነጋዴ
ከሰሜን ሸዋ (ከደብረ ብርሃኑ)