ማሽኑን ከመመረቅዎ በፊት የእህቴን ናሙና ፈልጉልኝ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፣

የቢሮዎን ስም አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል፤ ማመልከቻዬም እዚያው ነው። መጀመሪያ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ፣ ቀጥሎ ለቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ለእርስዎ ለራስዎ። መልሱ ሁሌም "ጉዳዩ እየታየ ነው" ነበር። ማን እያየው እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። እንግዲህ የአዳማ ሰው ይየው።

ታላቅ እህቴ ገና 50 አልሞላትም። ጡቷ ላይ ያለውን ጠጠር ገላዋን ስትታጠብ ራሷ ናት ያገኘችው። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የወተት እብጠት ይሆናል ተባለችና ማስታገሻ ተሰጣት። የመጨረሻ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል! ጠጠሩ እያደገ ሲሄድ ሪፈር ተጻፈላት፣ ሆስፒታል ናሙና ተወሰደላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመስኮት ንግግር ነው። ውጤቱ አልደረሰም። የሚያነበው ባለሙያ ስልጠና ላይ ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኳል። በመጨረሻ አንዲት ደግ ሠራተኛ መዝገቡን አገላብጣ፣ ተልኳል የሚል ምንም ነገር እንደሌለ ነገረችን። ድጋሚ ይወሰድላት ተባለ። መርፌው የሚገባው እንግዲህ የእሷ ገላ ውስጥ ነው፣ የማንም መዝገብ ውስጥ አይደለም።

በዚያው ሰሞን እርስዎ ደረትዎ ላይ ሮዝ ሪባን አድርገው አዳራሽ ውስጥ ንግግር አደረጉ። ጡትን በራጅ የሚያነሳ የማሞግራፊ ማሽን ይመጣል፣ ሴቶች በዘመቻ ይመረመራሉ፣ በጡት ካንሰር መሞት ይቀራል አሉ። ተጨበጨበልዎት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አላጨበጨብኩም።

ማስረጃውን ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ማሞግራፊ አይረባም አልልም። በ2012 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ ጉዳዩን የመረመረ ገለልተኛ ቡድን፣ ለምርመራው በሚጠሩ ሴቶች ላይ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድል በ20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል። ያው ቡድን አንድ ነገር ጨምሯል፦ አንዲት ሴት ከሞት በተረፈች ቁጥር ሦስት ሴቶች ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው ምንም ሳያደርጋቸው ይኖር በነበረ ካንሰር ይታከማሉ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ወደ 90,000 የሚጠጉ ሴቶች እስከ 25 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው፣ በማሞግራፊ በታዩትና ባልታዩት መካከል የሞት ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አጥብቀው የተቹት ነበሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ይከራከሩ። እነሱ የሚከራከሩት ናሙና በማይጠፋበት አገር ነው።

ማሞግራፊ ጥላ ያሳያል እንጂ "ይህ ካንሰር ነው" አይልም። ያንን የሚለው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ነው። ዘመቻዎ ብዙ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል፤ አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም። ግን እያንዳንዷ የተጠረጠረች ሴት ናሙና ያስፈልጋታል፤ ያቺኑ መስኮት ልትይዝ እህቴ ጀርባ ትሰለፋለች። በዚያ ላይ በአገራችን ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ50 ዓመት በታች ናቸው። በዚያ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ለማሽኑም ማንበብ ይከብደዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ሥርዓታቸው ደካማ የሆኑ አገሮች ምልክት ያላትን ሴት ቶሎ መርምሮ ቶሎ ማከም ላይ እንዲያተኩሩ የመከረው። በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዕቅድ ደግሞ ሴትየዋ ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ ማለቅ አለበት ይላል። የእህቴ 60 ቀን ካለፈ ቆየ። ሕንድ ሙምባይ ከተማ ውስጥ ከ150,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት የተሠራው በማሽን አልነበረም፤ የሰለጠኑ የጤና ሠራተኞች በእጃቸው እየዳሰሱ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ሞት ወደ 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን አልቀነሰም፤ የማይመቸኝን ቁጥር አልደብቅም። እርስዎም አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ቢያደርጉ ጥሩ ነበር።

ማሽን ለምን እንደሚቀድም ይገባኛል። ለማሽን ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ናሙና እንዳይበላሽ ለሚያቆየው ፎርማሊን ማን ሪባን ይቆርጣል? ለናሙና መላኪያ መዝገብ ማን ያጨበጭባል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተማችን ውስጥ ናሙናቸው ተወስዶ ውጤት የሚጠብቁ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ቆጥረው በር ላይ ይለጥፉ። አንድ ናሙና ሲጠፋ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይመድቡ። ዘመቻዎን ከዚያ በኋላ ይጥሩ፤ እኔም ጎረቤቶቼን ይዤ እመጣለሁ።

እህቴ ድጋሚ ናሙና ሰጥታለች። የካርድ ቁጥሯ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ማመልከቻው ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በግራ በኩል ካለው ክምር ውስጥ ነው።

አንዲት የአዳማ ነዋሪ