እማዬ፣ ትንሿ ጣትሽስ?

ቨርጂኒያ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሚሚዬ፣ ይህን ደብዳቤ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የእጇ ጉዳይ ስለሆነ መሃሉን ዘለሽ እንዳታልፊ።

እማዬ፣ ባለፈው እሁድ ስንደዋወል «የእጅ ቫይታሚን ላክልኝ፣ ጎረቤቴን አሽሏታል» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሌሊት እጅሽ እየደነዘዘ እንደሚቀሰቅስሽ እስከዛሬ አልነገርሽኝም። ጀበናው ከእጅሽ አምልጦ መሰበሩን እንኳ የሰማሁት ከሚሚ ነው። ለምን ደበቅሽኝ? በዚያ በሰፈራችን በካራ ብርድ ሳይነጋ ተነስተሽ ሊጥ ስታቦኪ፣ ምጣዱ ላይ ስታጎነብሺ ይታየኛል። ከሰዓት ደግሞ እንዝርትና አመልማሎ። አውራ ጣትሽና ሌባ ጣትሽ ቀኑን ሙሉ እረፍት የላቸውም።

አንቺ «ብርድ ገብቶበት ነው» ትያለሽ። እኔም ያልኩት እንደዚያው ነበር። እዚህ መጋዘን ውስጥ በቀን 8 ሰዓት ካርቶን ሳሽግ ነው የምውለው። አምና ቀኝ እጄን ጉንዳን የወረረው ይመስል ይነዝረኝ ጀመር። ሌሊት ተነስቼ እጄን ካላራገፍኩ እንቅልፍ የለም። አንድ የሥራ ጓደኛዬ «ቢ6 ውሰድ» አለኝና ገዛሁ። አንዱ ፍሬ 100 ሚሊግራም ነው። በላዩ ላይ ሌላ የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ጨመርኩበት። አልሻል ሲለኝ አንዱን ፍሬ ሁለት አደረግኩት። ቫይታሚን ምን ይጎዳል ብዬ። ከወራት በኋላ የእግሬ ጣቶች ጫፍም ይደነዝዝ ጀመር።

ሐኪሟ የምወስደውን ሁሉ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኳቸው። የእያንዳንዱን ጀርባ አንብባ ቢ6ቱን በእስክሪብቶ ደመረችው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እኔ ከ200 በላይ ነበር የምውጠው። እዚህ አሜሪካ ከዚህ አትለፉ የሚባለው ልክ 100 ነው፣ አውሮፓውያን ደግሞ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ወደ 12 አውርደውታል። ቢ6 ሲበዛ እሱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል እማዬ። ሁሉንም አስጣለችኝ። የእግሬ መደንዘዝ እየቆየ ለቀቀኝ።

ከዚያ የሁለቱን እጆቼን ጀርባ አገጣጥሜ፣ ጣቶቼን ወደ መሬት አድርጌ 1 ደቂቃ እንድቆይ አዘዘችኝ። ደቂቃው ሳይሞላ ሦስቱ ጣቶቼ ደነዘዙ። ትንሿ ጣቴ ግን ምንም አልሆነችም። ለካ በእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ ቦታ የሚያልፍ ነርቭ አለ። አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያዳርሰው እሱ ነው። ትንሿ ጣት ጋ አይደርስም። አንጓው ውስጥ እብጠት ሲኖር ይህ ነርቭ ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀን ነርቭ ቫይታሚን አያላቅቀውም። እኔን የጠቀመኝ ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ነው። እሱን እያሰርኩ ስተኛ በወር ከ15 ቀን ገደማ እንቅልፌ ተመለሰ። ስልክ ላይ «ትንሿ ጣትሽስ?» እያልኩ የነዘነዝኩሽ ለዚህ ነው። አንቺም «እሷማ ደህና ናት» አልሽኝ።

ግን እግሬንም ያቃጥለኛል ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። የስኳር መድኃኒትሽን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው? እሱ ለብዙ ዓመት ሲወሰድ አንጀት ቢ12ን በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። አንቺ አንድም ጾም አታልፊም፣ ይኸው ነቢያትም ገባ። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ቢያስቀምጥም አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ስኳሩ ራሱም ነርቭ ይጎዳል። ከሦስቱ፣ ከአንጓው ነርቭ፣ ከቢ12 ጉድለትና ከስኳሩ፣ የትኛው እንደሆነ እኔም ሆንኩ ጎረቤትሽ በስልክና በወሬ አናውቀውም።

ጾምሽን ተይ አላልኩም። መድኃኒቱንም በእኔ ሞት እንዳታቋርጪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፣ እጅና እግሬ ይደነዝዛል፣ ቢ12 ይታይልኝ» በያቸው። እነሱ ጋ ካልተሠራ የት እንደሚሠራ ይነግሩሻል። ጉድለት ከተገኘ በመርፌም በክኒንም ይተካል። ሲቆይ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ስለሚችል ቶሎ ሂጂ። ጎረቤትሽ ዋሸች አልልም። የጎደላት ነገር ኖሮ ተተክቶላት ይሆናል። አንቺ የጎደለሽ ነገር ከሌለ ግን የእሷ ክኒን ላንቺ ምንም አያደርግልሽም።

በሚመጣው ሰው የእጅ መደገፊያ ሁለት ልኬያለሁ፣ ለቀኝም ለግራም። ማታ ስትተኚ እሰሪው፣ ጠበቅ አይበልብሽ። ቢ12ም አንድ ጠርሙስ አለ። ካፕሱሉን ትቼ ጠጣሩን ክኒን ነው የመረጥኩልሽ፣ ምክንያቱም የብዙ ካፕሱል ሽፋን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው። በጾም ከዚያ አንዱ አፍሽ እንዲገባ አልፈልግም። ደምሽ ሳይታይ ግን አንድ ፍሬ እንዳትውጪ። ቀድመሽ ከወሰድሽ በደምሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ይታይና ጉድለቱን ይደብቀዋል። ሚሚ፣ የጎረቤታችንን ክኒን ጀርባ አንብቢው። «ፓይሪዶክሲን» የሚል ካለበት ቢ6 ማለት ነው፣ ሚሊግራሙን ጽፈሽ ላኪልኝ።

እማዬ፣ ለእኔ ጋቢ ብለሽ የጀመርሽው ፈትል ይቆይ። አመልማሎውን ሙዳዩ ውስጥ መልሰሽ ክደኚው። ክረምቱን በጃኬት እወጣዋለሁ። ሊጡንም ለጊዜው ሚሚ ታቡካው። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሰኞ እረፍት ነኝ፣ እናንተ ጋ ሲመሽ እደውላለሁ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ