ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ ስለ ውፍረት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጣፋጭ ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል። ያስቆጣኝ «ክብደትዎ ካልቀነሰ እንቅስቃሴው አልሠራም ማለት ነው» የሚለው ማሰሪያው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

ፒያሳ ነው የምኖረው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር እወርድና ዳገቱን ተመልሼ እወጣለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ አብራኝ ትሄድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ባለው አቀበት ላይ እየቆመች አጥር ትደገፍ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ያንኑ አቀበት ስለ ምራቷ ጠባይ ያለ ዕረፍት እያወራችልኝ መውጣት ጀመረች፤ ትንፋሿ እንደተለወጠ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። የቀሚሶቿንም ወገብ በራሷ የስፌት መኪና አጠበበች። ለገሀር አጠገብ ሚዛን ዘርግቶ «እማማ፣ ይመዘኑ» የሚለው ልጅ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ኪሎ ያነብላታል። በመጨረሻ «እትዬ፣ ኪሎዬ ካልቀነሰ ምን ዋጋ አለው?» ብላ ቀረች። የእናንተ ዓምድ ደግሞ መጥቶ «ልክ ነሽ» አላት።

ልክ አይደለችም። ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን የነበረው መጽሐፍ ስብን እንደ ጎተራ ነበር የሚቆጥረው፦ ትርፉ ይገባል፣ በክፉ ቀን ይወጣል፣ በቃ። በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያዘውን ጂን ሲያገኝ ይህ አስተሳሰብ አከተመ። ሌፕቲንን በዋናነት የሚያመነጨው ራሱ ስብ ነው። በደም ተጉዞ አንጎል ይደርስና «ስንቅ አለ፣ አትራብ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ጂኑ የተበላሸበት አይጥ መብላት ማቆም አቅቶት ድቡልቡል ይሆናል። ከዚያ በኋላ አዲፖኔክቲን የተባለው ሌላው የስብ ሆርሞን ተገኘ፤ ይህኛው ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ እንዲታዘዝ የሚያግዝ ነው። ከዚህም በላይ ከስብ የሚወጡ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) የሚያነሣሡ ኬሚካሎች አሉ፤ ስብ ሲበዛ እነርሱም ይበዛሉና ሰውነት ኢንሱሊንን ወደ አለመስማት ያዘነብላል።

አንድ ሰው ስብ ሲበዛበት ሌፕቲኑ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንጎል ግን መልእክቱን መስማት ይተዋል፤ ጩኸቱ በዝቶ ረሃቡ አይበርድም። ለዚህ ነው ሌፕቲንን በመርፌ መስጠት፣ ሆርሞኑ ከተፈጥሮ ከጎደላቸው ጥቂት ሰዎች በቀር፣ ለተራው ወፍራም ሰው ተስፋ የተደረገበትን ያህል ያልፈየደው። አዲፖኔክቲን ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ስብ፣ በተለይም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ቦርጭ፣ ሲበዛ እርሱ ያንሳል። ከቆዳ ሥር ያለውና በጣት የሚቆነጠጠው ስብ ያን ያህል አይከፋም፤ ችግር የሚያመጣው ከጉበትና ከአንጀት ጋር የሚጎራበተው ነው።

አሁን ወደ ትንፋሹ ልምጣ። የልብና የሳንባ ብቃታቸው ላቅ ያለ ሰዎች ሌፕቲናቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህን ሰምቶ «ሩጫ ሌፕቲንን ያወርዳል» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ብዙ ነው። የዚህ ዝምድና ትልቁ ክፍል ግን በስብ መጠን በኩል የሚያልፍ ነው፤ ብቁ የሆነው ሰው ስቡ ያነሰ ስለሆነ የሚያመነጨውም ያንሳል። በዚያ ላይ ብቃት የሚለካበት መንገድ ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሰውየው በአንድ ደቂቃ የሚጠቀምበት ከፍተኛው ኦክስጅን በሚሊ ሊትር ይለካና ለክብደቱ በኪሎ ይካፈላል። እንግዲህ አካፋዩ ውስጥ ስቡም አለ፤ ልባቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስለወፈረ ብቻ፣ ብቃቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ተማሪዎቼን «ከታች ያለውን ቁጥር ሳታዩ ከላይ ባለው አትፍረዱ» እያልኩ የጨቀጨቅኳቸው ለዚህ ነበር። እዚህ ከተማ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነንና እያንዳንዱ ትንፋሽ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ የጎረቤቴ አቀበት ቀላል አቀበት አልነበረም።

ታዲያ መራመዱ ምን ይሠራል? አንደኛ፣ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይወስዳል፤ ጥቅሙም እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ዋናው ግን በየጊዜው የሚደረግ ትንፋሽ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ ያንን የሆድ ዕቃ ስብ መቀነሱ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ባይነቃነቅም እንኳ። ጡንቻ ይጨምራል፣ የከፋው ስብ ይቀንሳል፣ ድምሩ እዚያው ይሆናል። ሆርሞኖቹ የሚከተሉት ስቡን ነው። በአንድ ቀን ሩጫ ደም ውስጥ ለውጥ የሚፈልግ ይቅርበት፤ ነገሩ የወራት ነው። የሚዛኑ ልጅ ይህን ማንበብ አይችልም፤ እርሱ ላይ አልፈርድም፣ ዕቃው የሚነግረውን ነው የነገራት። የጎረቤቴ የልብስ ስፌት ሜትር ግን ያነበዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን የራሳችን ልኬት እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያኑን እንድንጠቀም መክሮ ነበር፦ የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ያለፈ ይጠንቀቅ።

በአንድ ጊዜ ራሱን በረሃብ የሚቀጣም አለ። (ስለ ሃይማኖት ጾም አይደለም የማወራው፤ ያንን ለቄሶቹ ትቻለሁ።) ምግብ በድንገት ሲቋረጥ ሌፕቲን ስቡ ከሚቀንስበት ፍጥነት ቀድሞ በጥቂት ቀናት ያሽቆለቁላል። አንጎል ይህን እንደ ድርቅ ይቆጥረዋል፤ ረሃብ ይነሣል፣ ሰውነትም ወጪውን ይቆጥባል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ድስቱን ሲገለብጥ «ሆዳም» ይሉታል።

ሌላም ነገር አለ። ፒያሳ አካባቢ ማቅጠኛ ሻይ ሲሸጥ ያገኘሁት የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይህ እኮ ሌፕቲንን ያስተካክላል» አለኝ። ስሙን ማስታወሱ አስደሰተኝ፤ ሌላው አላስደሰተኝም። «ሌፕቲን የሚመነጨው ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ከጉበት አለኝ። ፈተና ላይ ቢሆን ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣ ነበር። ያንን መሰል ሻይ ማስታወቂያ በእናንተም ጋዜጣ፣ ከጤና ዓምዱ ጎን፣ በትልቅ ፎቶግራፍ ታጅቦ አየሁ። ጽሑፉ «ካልቀነሱ አልሠራም» ብሎ ያባረረውን አንባቢ ሻዩ ከጎኑ ቆሞ ይቀበለዋል።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጸሐፊያችሁ ያንን ማሰሪያ ያርምልን፤ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚበቃ፣ ውጤቱም በወገብና በትንፋሽ እንደሚታይ ይጻፍ። ማስታወቂያውን ደግሞ ወደ ሌላ ገጽ ውሰዱት፤ የመኪና ሽያጩ አጠገብ ቦታ አይጠፋም። እርማቱ የወጣበትን ገጽ ቆርጬ ለጎረቤቴ አደርስላታለሁ፤ እኔ ስነግራት «አንቺ መቼም መምህርት ነሽ» እያለች ታልፈኛለች፣ ጋዜጣ ግን ታምናለች።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ