ጎማው ሲወጣ መኪናው ይወርዳል፦ የሞዴል መኪና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በቅሬታ ነው። አምና የተገጣጠሙት ሞዴሎች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ቀለማቸው ያምራል፤ መስታወታቸውም ንጹህ ነው። ግን ሁሉም ጎርፍ ሊሻገር ሱሪውን እንደሰበሰበ ሰው ከፍ ብለው ነው የቆሙት። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል። "ቲቸር፣ ዝቅ ማድረግ አይቻልም?" የሚለው ጥያቄ ከአንድ ልጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ ወሬ ጠፋ።

መቻሉንስ ይቻላል። ግን ኪቱ፣ ማለትም የሚገጣጠመው የሞዴል ዕቃ፣ ተበላሽቶ አይደለም እንዲህ የሚቆመው። አብዛኛው ኪት መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚያሳየው። እውነተኛው መኪናም አዲስ ሲሆን ከፍ ያለ ነው፤ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ጉድጓድ መሻገር አለበት። ልጆቹ በልባቸው የያዙት ግን የውድድር መኪና ነው። የዓመቱ ሥራ ታዲያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጥቂት ሚሊሜትር መፈለግ ሆነ።

"ጥቂት" ያልኩት በምክንያት ነው። ክበባችን የሚሠራባቸው ኪቶች ባለ 1/24 እና ባለ 1/25 መጠን ናቸው። የመጀመሪያው በጃፓን ኪቶች፣ ሁለተኛው በአሜሪካ ኪቶች ዘንድ የተለመደ ነው። በ1/24 አንድ ሚሊ ማለት በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፉት ምኞት 6 ሚሊ ነበር። ሲባዛ 14.4 ሴንቲ ሜትር መጣ። ሳቁ። ለመንገድ መኪና የሚሸጡ የማውረጃ ሞላዎች ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው የሚያወርዱት። ወደ ሞዴላችን ሲመጣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ መሆኑ ነው። ለዓይን ግን ያቺ 2 ሚሊ መኪናውን ሌላ መኪና ታደርገዋለች።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። መኪና ዝቅ ይደረግ ሲባል ሁሉም ሰው ስለ ሞተሩ ክዳንና ስለ ጣሪያው ነው የሚያስበው፤ ይህ ሁሉ ወደ ታች መምጣት አለበት ብሎ። ነገር ግን ጠረጴዛው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጎማውም ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው የታችኛው አካል፣ እንዲወርድ ከተፈለገ ጎማው ሻንሲው ላይ የሚያያዝበት ነጥብ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ይህንን ሰሌዳ ላይ ስዬ አስረድቼአለሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ቡድን አዲሱን የአክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ቀዳዳ ከአሮጌው በታች በስቶ መጣ። መኪናው 2 ሚሊ ከፍ አለ። ከሰሌዳው ሥዕል ይልቅ ያ መኪና ነው ያስተማራቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሳሳተም።

መለኪያው ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋን፤ ጠፋ ማለትም አይገባኝም። የክበባችን ዘዴ የሚከተለው ነው። ጎማዎቹ ይነቀላሉ። ሻንሲው ከቦዲው ጋር በፕላስተር ይታሰራል፤ ማጣበቂያ አይነካውም። ከሥሩ የወፍራም ወረቀት ቁራጮች እየተደራረቡ ይገባሉ፣ መኪናው በሚፈለገው ከፍታ ላይ እስኪቀመጥ። ከዚያ ጎማዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቆመው ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠጋሉ፤ እንዳይወድቁ ትንሽ ፕላስቲሲን ይደረግላቸዋል። አሁን ጎንበስ ተብሎ ከጎን ይታያል። ትንሽ ወረቀት ይጨመራል፣ ይቀነሳል፣ ይከራከራሉ። ሲስማሙ የጎማው መሐል ከአሮጌው የአክስል ቀዳዳ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በካሊፐር (ሚሊ የሚለይ መለኪያ) ይለካል። ሥራው ያ ቁጥር ነው። አንድም ነገር ሳይቆረጥ መኪናው ምን እንደሚመስል ታይቷል ማለት ነው።

የፊትና የኋላ ቁጥር እኩል እንዳልሆነ ልብ ያለችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በእሷ መኪና ፊቱ 2 ሚሊ፣ ኋላው 1.5 ሚሊ መጣ። እኩል ብታደርገው አፍንጫው ቀና ብሎ ሊታይ ነው። ልኬቱን ሳይሆን ዓይኗን አመነች፤ ልክ ነበረች።

ሦስት ዓይነት ሳስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው እግር፣ ገጥሞናል። ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

ቀላሉ የቆዩት የአሜሪካ ኪቶች ነው። አንድ የብረት ዘንግ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁለቱን ጎማዎች ይይዛል። አሮጌው ቀዳዳ በፕላስቲክ ዘንግ ይደፈናል፣ ይሞረዳል፣ ከላዩ አዲስ ይበሳል። አለቀ። አላለቀም እንጂ! በአንዳንዶቹ ኪቶች የፊት ዘንግ የሚያልፈው በሞተሩ ውስጥ ነው። ሞተሩ ራሱ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ ሞተር እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም፣ የአሻንጉሊት ዘመን ቅርስ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ ሲወጣ ያ ቀዳዳ አይገጥምም። ልጆቹ ዘንጉን ለሁለት ቆርጠው እያንዳንዱን ግማሽ በየጎኑ በተጣበቀ ትንሽ ቱቦ ውስጥ አስገቡት። የሞተሩን ቀዳዳም በስቱኮ ደፈኑት። መኪናው ወረደ፣ ሞተሩም ከቀድሞው ይልቅ ሞተር መሰለ።

ባለ ባሌስትራው (በተደራረቡ የብረት ሳህኖች የተሠራ ሞላ ያለው) የኋላ እግር ደግሞ የሚያስደስት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ጋራዥ የሚያደርገውን በትንሹ ማድረግ ይቻላል። በብዙ የቤት መኪኖች አክስሉ የሚቀመጠው ከባሌስትራው በላይ ነው። በመካከላቸው የ2 ሚሊ የፕላስቲክ ቁራጭ ብናስገባ አክስሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ መኪናው ይወርዳል። በአንዳንድ ፒክአፖች ግን አክስሉ ከባሌስትራው በታች ነው። እዚያ ቁራጭ ብታስገባ መኪናው ከፍ ይላል፤ የሚሻለው አክስሉን ከሥር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በኋላ ሾክ አብዞርበሩ ረዝሞ ይገኛል፤ ከመሐሉ ይቆረጣል። ከአክስሉ በላይ የምታልፈው የማርሚታ ቱቦም ቦታ ታጣለች። አንዱ ቡድን ቱቦዋን በሞቀ ውሃ አለስልሶ አጎበጣት፤ ሌላው ቆርጦ ጣላት። ማንም ከሥር አያይም አሉ። እኔ አይቻለሁ።

ከባዱ የማክፈርሰን የፊት እግር ነው። በፎርዱ ኢንጂነር በኧርል ማክፈርሰን ስም የሚጠራው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የእንግሊዙ ፎርድ ኮንሰል ላይ ታየ፤ ዛሬ የትንሽ መኪኖች የፊት እግር በአብዛኛው ይኸው ነው። ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ቆመው ከላይ ከቦዲው፣ ከታች ከብራቾው (ጎማውን ከሥር ከሚይዘው ክንድ) ጋር ይያያዛሉ። የልጆቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ሾኩን ከመሐሉ 2 ሚሊ መቁረጥ ነበር። ይሠራል። ግን ሾኩ ሲያጥር ብራቾው ወደ ላይ ያዘነብላል፣ የመሪው ዘንግም አብሮ ይነሳል፤ አንዱን ስትነካ ሦስቱን ነካህ። ጎማውም ከላይ ወደ ውስጥ ሊጋደል ይችላል። የውድድር መኪና ለሚሠራ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ ለሚፈልግ ራስ ምታት ነው።

የመረጥነው ሌላውን መንገድ ነው። ሾኩንም ብራቾውንም አንነካም። ጎማው የሚሰካበትን ፒን ብቻ ቆርጠን 2 ሚሊ ከፍ አድርገን አዲስ እንተክላለን። እንዴት እንደተሠራ በቅርብ ልንገራችሁ። ፒኑ በቀጭን መጋዝ ከሥሩ ይቆረጣል። ቦታው በሞረድ ይስተካከላል። ተማሪዋ ፒኑ የነበረበትን ክፍል በወረንጦ ይዛ አዲሱን ነጥብ በመርፌ ጫፍ ትወጋለች፤ በእርሳስ ምልክት ከተደረገ የእርሳሱ ውፍረት ራሱ ግማሽ ሚሊ ይበላል። ከዚያ በጣት በሚዞር መብሻ በ0.5 ሚሊ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ትጀምራለች፣ ቀጥሎ በ1 ሚሊ ታሰፋለች። ፑንታው የመርፌዋ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይንሸራተትም። ቀዳዳው ውስጥ የናስ ሽቦ በሱፐር ግሉ ይተከላል። ፕላስቲኩ ፒን ከነበረው ይልቅ ይህ ጠንካራ ነው። የግራና የቀኙ እኩል እንዲሆን በወረቀት መለኪያ ተቆረጠ፤ ለሌላው ጎን ወረቀቱ ይገለበጣል። ሳይገለብጡ ሁለት ግራ እግር የሠሩም ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ይህ መንገድም ገደብ አለው። ፒኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የብራቾው ጫፍ ወደ ቸርኬው የታችኛው ጠርዝ ይጠጋል። ከ2 ሚሊ ሲያልፍ በአንዱ መኪና ጎማው መዞር እምቢ አለ። የብራቾውን ጫፍ ሞርደን አሳነስነው፤ ተጨማሪ ለመውረድ ግን አልሞከርንም።

እግሩ ካለቀ በኋላ የቦዲው ተራ ነው። የኪት ፕላስቲክ በመጠኑ ሲታይ እጅግ ወፍራም ነው። 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ፓራፋንጎ በእውነተኛ መኪና 2.4 ሴንቲ ሜትር ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲገባ የሚነካው ያንን ነው። ከውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ብዙ ቦታ ይሰጣል። የውስጥ ወለሉና የወንበሩ ሳጥንም ከኋላ ጎማ ጋር ይጋጫሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ቀለም ከመቀባት በፊት መሞከር ግዴታ ነው። ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ የፕላስቲክ ማጣበቂያ አይሠራም፤ ፕላስቲኩን አሟምቶ ስለሆነ የሚያያይዘው፣ ቀለሙ መፋቅ አለበት።

የፊት ጎማ ይዙር አይዙር የሚለው ክርክር ለሁለት ከፈለን። ወርዶ የሚዞር ጎማ ፓራፋንጎውን ይነካል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መደርደሪያ ላይ ለሚቆም መኪና ቀጥ ያለ ጎማ ይበቃል። የታችኛው ክፍል ልጆች ግን አልሰሙኝም። ከመካከላቸው አንዱ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ፓራፋንጎውን አሳስቶ ጎማውን አዞረ። በመጨረሻ ብርሃን ሲያርፍበት ፕላስቲኩ ያሳልፋል! ከውስጥ ጥቁር ቀባው።

በመሐል አንድ ሳምንት መሣሪያ ሳንነካ ታሪክ ተነጋገርን። ዝቅ ያለ መኪና ባህል በደቡብ ካሊፎርኒያ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ወጣቶች መካከል ከ1940ዎቹ ጀምሮ አድጓል። መጀመሪያ ኮሮጆ አሸዋ ከኋላ መጫን፣ ሞላ መቁረጥ ነበር። ከዚያ ካሊፎርኒያ ማንኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ሰው ኮርቬት መኪናው ላይ ከአውሮፕላን የተወሰደ የሃይድሮሊክ ዕቃ ገጠመ፤ እንደፈለገ ማውረድና ማውጣት ቻለ። ልጆቹ ሃይድሮሊኩን ወደዱት። እኔ ሕጉን ወደድኩት፤ የክበባችንም ሕግ አደረግነው። አንድ ካርቶን ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ እስከ መሬት ባለው ቁመት፣ ማለትም 4 ሚሊ ገደማ ይቆረጣል። መኪናው መስታወት ላይ ቆሞ ካርቶኑ ከሥሩ ካላለፈ፣ መኪናው ከልክ በላይ ወርዷል። ማርሚታዋን የጣለው ቡድን ሲያልፍ ቱቦዋን ያጎበጠው ወደቀ።

ሞላ የመቁረጡ ነገር ደግሞ ወደ ፊዚክስ ወሰደን። 8 ጥቅል ያለው ሞላ 2 ቢቆረጥለት ዝቅ ይላል፤ ብቻውን ግን አይደለም። የቀሩት 6 ጥቅሎች ያንኑ ክብደት ይሸከማሉ፤ ሞላው በአንድ ሦስተኛ ይጠነክራል። መኪናው ወርዶም ደርቆም ይገኛል። ለዚህ ነው ጥሩ ጋራዥ ሞላ የማይቆርጠው፤ ለዚያ ቁመት የተሠራ ሌላ ሞላ ነው የሚገጥመው። በሞዴል ላይ ይህ ሁሉ አይታይም። ነገ እውነተኛ መኪና የሚይዙ ልጆች ግን ቢያውቁት አይጎዳም።

የመጨረሻው ችግር አራቱም ጎማ መሬት አለመንካቱ ነበር። ፋብሪካው ያስተካከለውን ስትነካ አንዱ እግር ተንጠልጥሎ ይቀራል። መፍትሔው ቶሎ የማይደርቅ ኢፖክሲ ነው። መኪናው መስታወት ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ክብደት ይጫንበታል፣ መጋጠሚያው እዚያው ይደርቃል፤ እያንዳንዱ ጎማ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ሱፐር ግሉ እዚህ ላይ አይመከርም፤ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ በመኪናው መስኮት መስታወት አጠገብ ከሆነም ነጭ ጭጋግ ይጥላል።

በዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ዓይነት ኪት ሁለቴ አቀረብን፤ አንዱ እንደ ፋብሪካው፣ አንዱ የወረደ። ብዙ ጎብኚ ቀለሙ ነው ወይስ ቸርኬው ነው የተለየው እያለ ሲገምት ነበር። የገባቸው አንድ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ማስመሪያ አውጥተው ለኩት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር ተይዟል። አንዱ በብሎን የሚወርድና የሚወጣ እግር መሥራት ነው፤ ሥዕሉ ተጀምሯል። ሌላው ያላለቀው ባለ ባሌስትራ ፒክአፕ ነው። አክስሉ ተገልብጧል፣ የፊቱ ግን ገና አልተነካም። መረከብ የሚፈልግ ቡድን ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያናግረኝ እሰጠዋለሁ። 0.5 ፑንታዎቹ በሙሉ ስለተሰበሩ አዲስ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።